ዊልቸር በመሀል አዲስ አበባ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዊልቸር መሄድ ከጀመርኩ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። በሳምንት ሁለት ቀን ከአንዲት ፊዚዮቴራፒስትና ከአንድ የዊልቸር ጠጋኝ ጋር ሆነን ሰው እንለካለን፣ ጎማ እንቀይራለን፣ ስልክ እንመልሳለን። ከታች ያሉት ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ያሉ ሰዎች ዘወትር የሚጠይቁን ናቸው። አጠያየቃቸውንም ብዙ አልነካሁትም። ሐኪም አይደለሁም፤ ቁስል፣ ትኩሳት ወይም ድንገተኛ መዛል ካለ ይህን ንባብ ትታችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ዊልቸር በስጦታ አገኘን፤ ግን ለእናቴ ሰፋባት። ግራና ቀኝ ትራስ ብንሸጉጥላት አይበቃም?

አይበቃም። ትራሱ ይንሸራተታል፤ እናትም አብረው ይንሸራተታሉ። ዊልቸር ከወንበር ይልቅ ለጫማ ይቀርባል። 37 ቁጥር ለሚያደርግ ሰው 43 ቁጥር ሰጥተን «ጥጥ ጎስጉስበት» አንለውም። መቀመጫው ከዳሌ ከሰፋ ሰው ወደ አንድ ጎን ይጋደላል፣ ቀስ እያለ አከርካሪው ይጣመማል። ጎማውን ለመግፋትም ክንዱን እንደ ክንፍ ከፍቶ መዘርጋት ስላለበት ትከሻው ቶሎ ያልቃል። እኛ ዘንድ የሚመጣው ሰው ግማሹ «ትከሻዬን አመመኝ» ብሎ ነው የሚመጣው፤ ስናየው ጥፋቱ የትከሻው ሳይሆን የወንበሩ ነው።

ልክ ለመውሰድ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሰውየውን በማይሰምጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። መጀመሪያ የዳሌውን ስፋት ለኩ፤ ሜትሩን ሰውነቱ ላይ ሳትጠመጥሙ፣ በሁለቱም ጎን መጽሐፍ አቁማችሁ በመጽሐፎቹ መካከል ያለውን ርቀት ውሰዱ። የመቀመጫው ስፋት ይኸው ነው። ቀጥሎ ከሰውየው ዳሌ ጀርባ እስከ ጉልበት መታጠፊያ ለኩና ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ። ካልቀነሳችሁ የመቀመጫው ጠርዝ የጉልበቱን ጀርባ ይከረክረዋል፤ እሱም ያንን ሽሽት ወደ ፊት ሸርተት ብሎ ይቀመጣል፣ ጀርባው ይጎብጣል። ሦስተኛው ከጉልበት መታጠፊያ እስከ ተረከዝ ነው፤ የሁልጊዜ ጫማውን አድርጎ። አራተኛው የጀርባ መደገፊያ ቁመት ሲሆን በራሱ እጅ የሚገፋ ከሆነ መደገፊያው ከትከሻ አጥንቱ ጫፍ በታች ይቅር፤ አለዚያ ክንዱን ወደ ኋላ ሲስብ ይይዘዋል።

አምስተኛ ልክ አለ፤ ማንም አይነግራችሁም። የመታጠቢያ ቤታችሁን በር ለኩ። ሁለተኛው ዊልቸሬ እንደ መኪና የሚያምር ነበር፤ ከጎማ እስከ ጎማ 68 ሳንቲ ሜትር። የቤታችን የሽንት ቤት በር 60 ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ዊልቸሩን በር ላይ እያቆምኩ፣ በእጄ እየተጎተትኩ፣ ቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ ነው የገባሁት። በመጨረሻ ወንድሜ በሩን ከነመቃኑ አውልቆ መጋረጃ ሰቀለበት። ዛሬም መጋረጃ ነው።

ልጁ ዊልቸር ከለመደ መራመዱን ይተዋል ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም። ዝናብ የሚመጣው ጃንጥላ ስለያዝን አይደለም። ይህን ፈርቶ ልጁን አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላው በጀርባው ያዘለ ወላጅ ብዙ አይተናል፤ የእናቲቱ ወገብ ይሰበራል፣ ልጁም ትምህርት ቤት ሳይገባ ይቀራል። በዳዴ የሚሄድም አለ፤ ጉልበቱና መዳፉ ይቆስላል፣ ዳሌው እንደታጠፈ ይደርቃል። ያኔ መራመድ የባሰ ይርቃል። ፀበሉንም ፊዚዮቴራፒውንም ቀጥሉ፤ ዊልቸሩ አንዱንም አይከለክልም፣ እንዲያውም ሁለቱም ጋ ያደርሳችኋል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ለልጅ የአዋቂ ዊልቸር «ያድግበታል» ተብሎ አይሰጥም። በተለይ ጭንቅላቱንና ወገቡን ቀጥ አድርጎ መያዝ ለሚያቅተው ልጅ የጎንና የራስ ድጋፍ ያለው መቀመጫ ያስፈልጋል፤ ይህ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፣ ቤት ውስጥ በፎጣ የሚሠራ አይደለም። ልጅ ያድጋልና በየስድስት ወሩ እንደገና ይለካ።

ፋርማሲ አጠገብ የሚሸጠው፣ የሚታጠፈው፣ የሚያብረቀርቀው ዊልቸር ለመንገድ ይሆናል?

ለሆስፒታል ኮሪደር ይሆናል። ለሠራተኛ ሰፈር ኮብልስቶን አይሆንም።

ባለ መስቀል ብረቱን ተጣጣፊ ዊልቸር በ1933 እ.ኤ.አ. የሠሩት ኸርበርት ኤቨረስትና ሃሪ ጄኒንግስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ናቸው። ኤቨረስት በማዕድን ማውጫ አደጋ ጀርባው የተሰበረ ሰው ነበር። የፈለጉት ዊልቸሩ ታጥፎ መኪና ውስጥ እንዲገባ ነው፤ በጊዜው ትልቅ ነገር ነበር። አስፋልትና ለስላሳ ወለል ላይ ለሚኖር ሰው የታሰበው ይህ ቅርጽ ግን ሳይለወጥ ዓለምን ዞሮ እኛም ጋ ደረሰ። የፊት ጎማዎቹ ትንንሽ፣ ቀጭንና ደረቅ ናቸው። ኮብልስቶን መሀል ያለው ክፍተት ወይም የቱቦ ፍርግርግ አንዱን ሲይዘው ወንበሩ ይቆማል፤ ሰውየው ግን አይቆምም።

ይህ በአንድ ሰው ላይ ደርሶ ብዙ ነገር ለውጧል። ራልፍ ሆችኪስ በ1966 እ.ኤ.አ. በሞተር ሳይክል አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በአዲሱ ዊልቸሩ መንገድ ሲወጣ ብዙም ሳይርቅ የፊት ጎማው በእግረኛ መንገድ ስንጥቅ ተይዞ ፈነገለው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ለወጣ ገባ መንገድ የሚሆን ዊልቸር ሲነድፍ ኖረ። በ1980 እ.ኤ.አ. ኒካራጓ ሄዶ አንድ ዊልቸር ለአራት ሲጋሩ ያገኛቸው ወጣቶች ጠግነውና አሻሽለው የያዙትን አይቶ ከእነሱ ተማረ። ዊርልዊንድ በተባለው ድርጅቱ በኩል የወጡት ዊልቸሮች የፊት ጎማቸው ሰፊና ለስላሳ ጎማ ነው፤ ቅርጹ መጀመሪያ የተገኘው ዚምባብዌ ውስጥ ስለሆነ የዚምባብዌ ጎማ ይባላል። የፊት ጎማውን ከእግር ማሳረፊያው ወደ ፊት ማራቁም ሌላው ብልሃት ነው፤ ወንበሩ በቀላሉ በአፍጢሙ አይደፋም። ሞቲቬሽን የተባለው የእንግሊዝ ድርጅትም (በ1991 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ዴቪድ ኮንስታንታይን ራሱ የዊልቸር ተጠቃሚ ነው) ባለ ሦስት ጎማውን በዚሁ ሐሳብ አስፋፍቷል። ከፊት ያለችው አንዷ ጎማ ጉድጓዱን ታልፈዋለች። ጉዳቱ? ይረዝማል። ጠባብ ግቢ ውስጥና ሊፍት ውስጥ አይዞርም። እኔ ለውጪ ባለ ሦስት፣ ለቤት ባለ አራት ጎማ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ፤ ያለኝ ግን አንድ ነው፣ እንደ አብዛኛው ሰው።

ሲገዙ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። «የፊት ጎማው ኩሽኔታ ቢበላ ከየት አገኛለሁ?» በሉት። ሻጩ ከተንተባተበ ሌላ ሱቅ እዩ።

ዘመድ ከአሜሪካ ያገለገለ ሊያመጣልን ነው። ምን እንበለው?

ልካችሁን በኢንች ቀይራችሁ ላኩለት። «ጥሩውን አምጣ» ካላችሁት የሚያመጣው ትልቁን ነው፤ አሜሪካ ያለው ዊልቸር ለአሜሪካ ዳሌ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው የጎማ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን አቃጥሏል። የዊልቸር ጎማ «24» ይላል፤ የልጆች ሳይክል ጎማም «24» ይላል። አንድ አይደሉም። በጎማው ጎን ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር አንብቡ። የተለመደው የዊልቸር 24 ጎማ 540 ነው፤ የሳይክሉ 24 ግን 507። መርካቶ ሄዳችሁ 507 ብትገዙ ቸርኬው ላይ አይገባም፤ ጎሚስታው በፌሮ ሲታገል ከመነዳሪውን ይቀደዋል። 25 የሚባለው የዊልቸር ጎማ ደግሞ 559 ነው፤ ይህ ከተራው የ26 ማውንቴን ሳይክል ጎማ ጋር አንድ ነው፣ ማውንቴን ሳይክል ደግሞ በየሰፈሩ አለ። ስለዚህ ዘመዳችሁ ምርጫ ካለው «559 ቁጥር ያለበትን» በሉት። ካልሆነ ሁለት ትርፍ ጎማና አራት ከመነዳሪ ሻንጣው ውስጥ ይጨምር። ከቸኮሌት ይሻላል።

ሰውነቷ አይሰማትም። መቀመጫዋ ላይ ቀይ ነገር ወጣ። ስፖንጅ ብንጨምር?

ቀዩ ከወንበር ከወረደች በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይቶም ካልጠፋ ቁስል እየጀመራት ነው። ያንን ቦታ ከጫና አውርዱት፤ በጎኗ ትተኛ፣ ሐኪምም ይያት። በዚህ ቁስል የሞቱ ሰዎች አውቃለሁ፤ የማጋነን አይደለም።

የስፖንጁን ነገር በእጃችሁ ፈትኑ። ተቀምጣ ሳለ መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከስፖንጁ በታች፣ ከመቀመጫ አጥንቷ ትይዩ አስገቡ። የጣታችሁን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ማንቀሳቀስ ከቻላችሁ ደህና ነው። ማንቀሳቀስ ካልቻላችሁ፣ ግን ጣታችሁ ሾልኮ ከወጣ፣ መጠንቀቅ አለባችሁ። አጥንቱ ጣታችሁን ጭኖ ይዞ ለማውጣት ከታገላችሁ ያ ስፖንጅ አልቋል፤ ዛሬውኑ ይቀየር። ከፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ ብዙ ጊዜ ወራት አይቆይም፤ ሲገዛ ወፍራም ይመስላል፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደ እንጀራ ይሳሳል። ልስልስ ያለው ከላይ፣ ጠንከር ያለው ከታች ሆኖ ሁለት ድርብ ይሁን።

ስፖንጁ ምንም ጥሩ ቢሆን በየ20 እና 30 ደቂቃው ጫናውን ማንሳት አለባት፤ ደረቷን ወደ ጉልበቷ ዝቅ አድርጋ ወይም ወደ ጎን ተጋድማ ትንሽ ትቆይ። እኔ ቡና ሲፈላ ነው የማስታውሰው፤ አቦል ላይ አንዴ፣ ቶና ላይ አንዴ፣ በረካ ላይ አንዴ። ቀሪውን ቀን ስልኬ ይጮኻል።

ታክሲ ላይ ለዊልቸሩ የሰው ሒሳብ ያስከፍሉኛል። መብታቸው ነው?

ይህን ስጠየቅ ደሜ ይፈላል፤ ግን የምመልሰው እንደ ተሳፋሪ ነው። ረዳቱ የሚለው «ቦታ ይይዛል» ነው። ከተነሳ በኋላ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም፤ ከመሳፈር በፊት ተስማሙ። ሰልፍ ካለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከሜክሲኮ ወይም ከስታዲየም፣ መጀመሪያ ላይ መሳፈር ይሻላል፤ መንገድ ላይ ግማሹ የሞላ ሚኒባስ አይቆምላችሁም። ዊልቸሩ ወደ ፖርቶመጋላ ከወጣ ስፖንጁን አንሱና ይዛችሁት ግቡ። በክረምት ስፖንጅ ከራሰ ሦስት ቀን አይደርቅም። የእግር ማሳረፊያዎቹንም ነቅላችሁ በፌስታል ያዙ፤ መንገድ ላይ የሚወድቁት እነሱ ናቸው።

የሚያነሳላችሁን ሰው ደግሞ «የክንድ መደገፊያውን አትያዝ» በሉት። በብዙ ዊልቸር ላይ መደገፊያው ይነቀላል፤ ሰው በእጁ መደገፊያውን ብቻ ይዞ ሲቀር፣ እኔ ደግሞ መሬት ላይ ስቀር፣ አንድ ጊዜ አይደለም የደረሰው። ብረቱ ፍሬም ይያዝ፣ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ከፊት።

በስልክ የሚጠራ ታክሲ የምትጠቀሙ ከሆነ ሹፌሩ ሲደውል ዊልቸር እንዳለ ንገሩት። ሰርዞ የሚሄደው በር ላይ ከሚሄድ ከሩቁ ይሂድ።

ባቡሩስ?

ከመስከረም 2008 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡር ውስጡ ለዊልቸር ከሚኒባስ በብዙ ይሻላል፤ የፉርጎው ወለል አብዛኛው ዝቅ ያለ ነው፣ ከመሳፈሪያው ጋር ይቀራረባል። ጭንቁ መሳፈሪያው ላይ መድረስ ነው። ከስታዲየም በለገሃርና በሜክሲኮ አድርጎ ወደ ልደታ የሚሄደው ክፍል ሁለቱ መስመሮች የሚጋሩት ነው፤ ሰው የሚበዛበትም እሱ ነው። ከፍ ባሉት ጣቢያዎች በሊፍት ካልሆነ በደረጃ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት በዚያ መስመር የሚመላለስ ሰው ጠይቁ፦ ሊፍቱ ዛሬ ይሠራል? የመድረሻችሁንም ጣቢያ ጠይቁ፤ ወጥቶ መውረድ ያቃተው ሰው አለና። ጠዋትና ማታ በሥራ ሰዓት አልመክርም።

ባለቤቴን ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር እየገፋሁ ስወርድ ያመልጠኛል ብዬ እፈራለሁ።

ልክ ነዎት፣ መፍራት ይገባዎታል። ቸርችል ጎዳና ከታች ሆኖ ሲያዩት ያምራል፤ ከላይ ሆኖ ዊልቸር ለሚይዝ ሰው ሌላ ነገር ነው። ዳገቱ ሲበረታ ዊልቸሩን ያዙሩትና እርስዎ ከታች ሆነው፣ የባለቤትዎ ፊት ወደ ዳገቱ ሆኖ፣ ወደ ኋላ እየተመለከቱ በቀስታ ይውረዱ። ክብደቱ ወደ ጀርባ መደገፊያው ስለሚያርፍ ወደ ፊት አይወድቁም። ጫማዎ የማያንሸራትት ይሁን። አንድ ሰው ሌላ ካለ ከጎን ይሂድ እንጂ ከፊት አይጎትት።

ፍሬኑ የማቆሚያ ነው፤ እየሄዱ ለማዘግየት አይደለም። እየተንከባለለ ሳለ ፍሬን የያዘ ሰው ወይ ጎማውን ይበላዋል፣ ወይ ወንበሩን ያዞረዋል። ባለቤትዎ እጃቸው የሚሠራ ከሆነ የቆዳ ጓንት ያድርጉና ቸርኬው ላይ ያለውን የእጅ ቀለበት በመዳፋቸው እያሹ ይርዱዎት።

ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲወርዱም እንዲሁ በኋላ ጎማ፣ ጀርባ ቀድሞ። ሲወጡ ደግሞ ከኋላ በታች ብቅ ያለችውን ብረት በእግርዎ ይርገጡና የፊት ጎማውን ያንሱ፤ ከዚያ የኋላውን ይግፉ። ክንድዎን ሳይሆን እግርዎን ይጠቀሙ።

በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳና በአራት ኪሎ በኩል የእግረኛውን መንገድ ሰፊና ለስላሳ አድርጎታል፤ እሰየው ነው፣ የዛሬ አምስት ዓመት ብቻዬን የማልደፍረውን መንገድ ዛሬ ብቻዬን እሄደዋለሁ። ከዋናው ጎዳና ወደ ውስጥ አንድ መታጠፊያ ስንገባ ግን ያው የድሮው መንገድ ይጠብቀናል። ሰውም የሚኖረው ውስጥ ነው።

ልንሄድበት የፈለግነው ሕንፃ መወጣጫ የለውም። ጥበቃዎቹ «ተሸክመን እናስገባችሁ» ይላሉ። ምን ማድረግ ይቻላል?

ልባቸው ጥሩ ነው። እኔ ግን ሰው ሆኜ መግባት እንጂ እንደ ሶፋ መግባት አልፈልግም።

በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዟል፤ መጸዳጃ ቤቱንም ጨምሯል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ተደራሽነትን፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ በራስ የመንቀሳቀስን መብት ያነሳል። ይህችን አንቀጽ 20 ውደዷት፤ ሰው በፈለገው መንገድ፣ በፈለገው ሰዓት፣ በአቅሙ በሚችለው ዋጋ እንዲንቀሳቀስ፣ የአጠቃቀም ሥልጠናም እንዲያገኝ ትላለች። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲመድብ ይደነግጋል።

በተግባር እንዲህ አድርጉ፦ የደረጃውን ፎቶ አንሱ፣ የደረጃውን ቁመት ለኩ፣ አንቀጹን ጠቅሳችሁ ለሕንፃው አስተዳደር በደብዳቤ ስጡና ግልባጩ ላይ አስፈርሙ። ቁመቱን ለምን? መወጣጫ ለ1 ቁመት 12 እርዝመት ይፈልጋል። 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች 45 ሳንቲ ናቸው፤ ስለዚህ 5 ሜትር ከ40 መወጣጫ ያስፈልጋል። ይህን ካልጻፋችሁላቸው ሁለት ሜትር እብነ በረድ አጋድመው «ሠራን» ይሏችኋል፤ እሱ ለሻንጣ ነው፣ በዝናብ ደግሞ ለማንም አይሆንም። መልስ ካጣችሁ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤት ማለት ይቻላል። በማኅበር በኩል መሄድ ደግሞ ከብቸኛ ደብዳቤ የበለጠ ጆሮ ያገኛል።

ባለሙያ የሚባለው ማን ነው? ወዴት እንሂድ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዊልቸር አገልግሎት ስምንት ደረጃ አለው፦ መመዝገብ፣ ሰውየውን መመርመር፣ መምረጥ፣ ገንዘብ ማግኘትና ማዘዝ፣ ማዘጋጀት፣ ልክ ማስያዝ፣ ማሠልጠን፣ በመጨረሻም መከታተልና መጠገን። እኛ አገር የምናየው ሥነ ሥርዓት ግን ስንት ነው? አንድ። ሰልፍ፣ ንግግር፣ ፎቶ፣ ርክክብ። ሰጪዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ዊልቸር ዕቃ ብቻ ስለሚመስላቸው ነው። ስለዚህ «ባለሙያ» ስትፈልጉ ከስምንቱ ቢያንስ አራቱን የሚሠራ ፈልጉ፦ ከመስጠቱ በፊት የሚለካ፣ ካስቀመጠ በኋላ የሚያስተካክል፣ አጠቃቀም የሚያሠለጥን፣ ሲሰበር በሩን የማይዘጋ።

ከመሀል ከተማ ቅርቡ መነሻ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ ፊዚዮቴራፒ አለ፣ ወደ ሰው ሠራሽ አካል ባለሙያም ይመራሉ። ከከተማ ወጣ ብሎ በሆለታ መንገድ መናገሻ ያለው የቼሻየር ማዕከል ከፖሊዮ ዘመን ጀምሮ ድጋፍ ሰጪ ጫማ፣ ክራንችና የመሳሰለውን ሲሠራ የኖረ ነው። አዲስ ጉዞ የተባለው ድርጅት ደግሞ ከስዊዘርላንድ የሚመጡ ያገለገሉ ዊልቸሮችን እዚህ አዲስ አበባ አድሶ፣ አስተካክሎ ይሰጣል። የትም ብትሄዱ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ብዙ ጊዜ ከወረዳ የድጋፍ ደብዳቤና የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃል።

የመብቱን መንገድ የጠረጉትም ባለሙያዎች ናቸው እንላለን። የሕግ ባለሙያዋና ዓይነ ስውሯ የትነበርሽ ንጉሤ በ1997 ዓ.ም ገደማ ኢሲዲዲ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀውን የአካል ጉዳትና የልማት ማዕከል ከመሠረቱት አንዷ ናት፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝታለች። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽንም በስሩ ብዙ ማኅበራት አሉት፤ አባልነት ጠይቁ።

ግን መንገዱን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው የተቀመጠበት ሰው ነው። ጠጋኛችን ዊልቸር ሲመጣለት ብረቱን ከማየቱ በፊት ባለቤቱን «የት የት ነው የምትሄድበት?» ይለዋል። የግራ ጎማው ብቻ የተበላ ከሆነ መንገዱ ወደ ግራ ያዘነብላል ማለት ነው፤ የዘንጉን ቦታ ያስተካክልለታል። ይህን የትም አልተማረም፤ እሱም ከእኔ በፊት ነው የተቀመጠው።

በነገራችን ላይ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 እ.ኤ.አ. እንዳሉት በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰው መነጽርም ይሁን ዊልቸር ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ 1 ቢሊዮን ያህሉ አያገኝም። «ለምን እኔ ብቻ» ለምትሉ።

በኤሌክትሪክ የሚሄደው አይሻልም?

እጁ ለማይሠራ ሰው ሌላ ምርጫ የለም፤ ያስፈልገዋል። እጁ ለሚሠራ ሰው ግን ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገር ያስብ፦ ከባድ ነው፣ ሚኒባስ ላይ አይወጣም፤ ባትሪው ሲያረጅ እዚሁ የሚገጥም መገኘቱን ያረጋግጥ፤ የመቆጣጠሪያው ሳጥን ውኃ ከገባው ነገሩ አበቃ፣ ሐምሌ ደግሞ በየዓመቱ ይመጣል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ማታ ማታ ሳትሰንፉ ቻርጅ አድርጉ።

እግሩ ተቆርጧል። ዊልቸር ነው ወይስ ሰው ሠራሽ እግር የሚሻለው?

ብዙ ጊዜ ሁለቱም። ሰው ሠራሽ እግር ቁስሉ ድኖ፣ እብጠቱ ወርዶ ነው የሚለካው፤ እስከዚያ ክራንች ወይም ዊልቸር ያስፈልጋል። ከተሠራ በኋላም የተቆረጠው እግር ቅሪት እየከሳ ስለሚሄድ ቅሪቱ የሚገባበት የመጀመሪያው ማስገቢያ ይሰፋል፣ ይቀየራል። የሚያቆስል ከሆነ ችላችሁ አትልበሱት።

አባታችን አረፉ። ዊልቸራቸውን ለማን እንስጥ?

ነፍስ ይማር። በመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ የመጣ ሁሉ «ለእገሌ ስጡት» ይላችኋል፤ ትንሽ ይቆይ። በሳሙናና በበረኪና እጠቡት፣ ጎማውን ንፉት፣ የፊት ጎማዎቹ ላይ የተጠመጠመውን ፀጉርና ክር በመቀስ አውጡት። ከዚያ የመቀመጫውን ስፋትና ጥልቀት ለክታችሁ በወረቀት ጻፉና በፕላስተር ጀርባው ላይ ለጥፉበት። ለሚለካ ሰው ወይም ለማኅበር ስጡት እንጂ ደጃፍ ላይ ላገኛችሁት አትስጡ። ስፖንጁን ግን ጣሉት፤ የአባታችሁን አቀማመጥ ይዟል፣ ለሌላ ሰው አይሆንም።